ኒቆዲሞስ ድምፁን ካጣ ወዲያ

ሐረር ውስጥ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጀርባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኒቆ ቤት» የሚባል የዘፈን ቤት ነበር። ባለቤቱ ኒቆዲሞስ ክራር እየመታ የአገር ቤት ዘፈን የሚዘፍን፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ሰው ነው። ወጣትነቱን በየሰርጉ ሲዘፍን ከርሞ ነው ያቺን ቤት የከፈታት። ሰው ግን የሚመጣው ለክራሩ ብቻ አልነበረም። ኒቆ እንግዳውን ገና በር ላይ ከላይ እስከ ታች ያየውና፣ ሰውየው ተደላድሎ ሳይቀመጥ ስንኝ ቋጥሮ ይጠብቀዋል። የተተረበው ሁሉ እየሳቀ ይሸልመው ነበር።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ዐብዱልገኒ የጀጎል ልጅ ነው፤ መጠጥ ቤት አይገባም። ከሰዓት በኋላ ኒቆ ሲለማመድ ግን የስፌት መኪናውን አቁሞ በግድግዳው በኩል ያዳምጣል። የአንገቱን እብጠት መጀመሪያ ያወቀውም እሱ ነው፣ ሸሚዝ ሲለካለት።

«ኒቆ፣ አምና የሰፋሁልህ ኮሌታ ዘንድሮ አልዘጋ አለ። ወላሂ፣ ሐኪም ይይህ።»

እንቅርት ነበር።

«የአየር ቧንቧዎን እየተጫነው ነው፤ መውጣት አለበት» አለችው ሐኪሟ።

«ድምፄስ?»

«የድምፅ ነርቭ እዚያው ተጠግቶ ነው ያለው። እንጠነቀቃለን፤ ቃል ልገባልዎ ግን አልችልም።»

ወር ሙሉ አመነታ። ተኝቶ መተንፈስ ሲያቅተው ሚስቱ ወለተሥላሴ ትራስ ደራርባ ታስደግፈው ጀመር። «እኔ ያገባሁት አንተን እንጂ ዘፈንህን አይደለም» አለችው። ፈረመ።

ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ የወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ስድስት ወር ጠብቅ ተባለ፤ ጠበቀ። ዓመትም ሞላው። ድምፁ አልተመለሰም።

ቤቱ እንዳይዘጋ ባርኮት የምትባል ዘፋኝ ቀጠረ። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ክራር ይመታል። ድምጿ ያምራል፤ እንግዳ መተረብ ግን አታውቅበትም። አንድ ቅዳሜ የድሮ ደንበኛው፣ የጭሮው ሾፌር አንዋር ገባና ገና ሳይቀመጥ ጮኸ።

«ኒቆ! አንዲት ስንኝ ጣል አድርግልኝ እንጂ!»

ስንኟ እንደ ድሮው ሙሉ ሆና መጣችለት፦

ጭሮና ሐረርን ሲመላለስ ኖሮ፣
ፍሬኑ የሚይዘው ኒቆ ቤት ነው ዞሮ።

አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አንዋር ጆሮውን አስጠግቶ «ምን አልክ?» አለው። ደገመለት። አልተሰማም። ለባርኮት ሹክ አላት፤ እሷ ደግሞ «ፍሬኑ» ያለውን «ፍቅሩ» ብላ ዘፈነችው። አንዋር ለይሉኝታ ያህል ሳቀ። ወለተሥላሴ ከባንኮኒው ኋላ ሆና የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ታጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስንኝ የጠየቀው የለም። ባርኮት ድሬዳዋ የተሻለ ሥራ ስታገኝ «ሂጂ» አላት፤ ሌላ ምን ሊላት? ባለፈው ጥር ቤቱን ዘጋው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ዐብዱልገኒ ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣል። ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ፣ ሳይታወቀው፣ የራሱንም ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያንሾካሹክለታል። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬ ደህና ነው ሊላቸው ይሞክር ነበር። አሁን ትቶታል፤ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸዋል።