አክስቴና እኩል አራሻቸው

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ስለ ሩቅ አገር አብዮት መከራከር ለሚወድ ሰው የምትመች ከተማ አልነበረችም። ጋሪ ነበራት፣ ገበያ ነበራት፣ ጠጅ ቤት ነበራት። ንጉሣቸውን ገድለው ሲያበቁ ከእሱ የባሰ ጌታ በገዛ ትከሻቸው ስለ ተሸከሙ ሕዝቦች የሚያወጋኝ ሰው ግን አልነበራትም። እኔ በትምህርት ቤቱ ታሪክ አስተምር ነበር። ባልደረቦቼ የሚያወሩት ስለ ዝውውር ነው፤ ባለሱቆቹ ስለ ኑግ ዋጋ፤ ዳኛው ስለ ጨጓራቸው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምከራከረው ከሞቱ ሰዎች ጋር ነበር። የሞተ ሰው ለክርክር ጨዋ ነው፣ አያቋርጥም። ችግሩ ሲረታም አያምንም።

የምኖረው ከእናቴ ታላቅ እህት ጋር፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው ነበር። የአክስቴ ባል ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልቆመላቸውም። ያላቸው ሀብት ከአባታቸው የወረሱት፣ ከወንዙ ወዲህ ያለ አንድ ማሳ ነው። በእኛ አገር ርስት ለሴትም ይደርሳል። ሞፈር ግን አይደርሳትም። ሴት በሬ ጠምዳ ካረሰች ነውሩ ለእሷ ብቻ አይደለም፣ ሰማዩም ይቆጣል ይባላል። ስለዚህ መሬት ያላት ባልቴት የሚያርስላት ወንድ መፈለግ አለባት።

አክስቴ ያገኙት ሰው ሙስሊም ነው፣ ሸማኔ ነው። አባቱ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ እዚህ አንድ ጋት ርስት የለውም፤ ሁለት በሬ ግን አለው። ክረምት የአክስቴን ማሳ ያርሳል፣ በጋ ሸማ ይሠራል። ሥጋ አብረው አይበሉም እንጂ ሌላ ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም። ሲጣሉም ሲቃለዱም በአገውኛ ነው፤ በአማርኛ የሚነጋገሩት እንግዳ ሲኖር ነው።

ውላቸው በእኩል ነው። ልማዱም እንዲህ ነው፦ እህሉ ተወቅቶ ሲያበቃ አራሹ ክምሩን ለሁለት ይከፍላል፣ ባለመሬቱ ይመርጣል። የሚከፍለው ሰው የሚመርጠው እሱ ስላልሆነ፣ አንዱን ክምር ማሳነስ አይጠቅመውም። ብዙ ሕገ መንግሥት አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አንቀጽ አላየሁም። አክስቴ ግን ይህን መብታቸውን ተጠቅመውበት አያውቁም። አውድማ አይወርዱም። እሱ ራሱ ከፍሎ ራሱ መርጦ ድርሻቸውን በአህያ ያመጣላቸዋል።

«ሻል ያለውን ነው ያመጣህልኝ፣ አንተ ሞኝ» ይሉታል ጆንያውን ሳያዩ።

«ሞኝስ እርስዎ ነዎት እሜቴ። ሻል ያለው ቤቴ ገብቷል» ይላል።

በየዓመቱ ያው ቀልድ ነው፣ በየዓመቱም ይስቁበታል።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ ተማሪ መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሻንጣው ከልብስ ይልቅ በመጽሐፍ የከበደ ልጅ ነው። አክስቴ ከግቢያቸው አንድ ክፍል ሰጡት። እኔም ከብዙ ዘመን በኋላ በሕይወት ያለ ተከራካሪ አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጅ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን። እሱ ዓለም በአንድ ጧት ትለወጣለች ይላል። እኔ ዓለም የምትለወጠው እርጥበት ግድግዳ ላይ እንደሚወጣው ነው፣ ሲታወቅ አብቅቷል እላለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሸምግለው ነው የተወለዱት» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ ሸፍተህ ነው የተወለድከው» እለዋለሁ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የምሽቱን መምጣት እንደዚያ የጠበቅሁበት ጊዜ አላስታውስም።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ወደ አክስቴ ሰንበቴ ይዤው ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በየተራቸው ባመጡት ጠላና ዳቦ ዙሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመሩት ቀልደኛ ሽማግሌ፣ አዲስ አበባ ምን እንደሚወራ ጠየቁት።

«ተማሪው ሰልፍ ወጥቷል» አለ። «መሬት ለአራሹ ብለን ነው የወጣነው።»

ሙሴው የጎረሱትን ዳቦ አኝከው ዋጡ። «እኛስ ታዲያ ምን ስናደርግ የምንውል መስሏችኋል? ፈትል ስንፈትል?»

ሳቅ ሆነ። ተማሪው አብሯቸው ሳቀና ያስረዳቸው ጀመር። በደቡብ ያለውን ጭሰኛ ነገራቸው፤ ባለመሬቱ ከተማ ተቀምጦ፣ አራሹ በመሬቱ ላይ እንደ ሰው ከብት የሚነዳበትን አገር። የተናገረው እውነት ነበር፣ ጥሩ አድርጎም ተናገረው። ሰዎቹ አዘኑ። «ይኼስ ግፍ ነው» አሉ። እዚያ ላይ ቢቆም ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

ከሴቶቹ በኩል አክስቴ «ልጄ» አሉት። «እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። የእኔን መሬት የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። በእናንተ ሐሳብ የማን ሊሆን ነው?»

ፖለቲከኛ ቢሆን ይዋሽ ነበር። እሱ ግን ቅን ልጅ ነው። «እማማ፣ በመርሁ ከሄድን የሚገባው ለሚያርሰው ሰው ነው» አለ። «ለእርስዎ ደግሞ መንግሥት ያስባል።»

«መንግሥት» አሉ አክስቴ፣ የማያውቁት ሰው ስም እንደተጠራባቸው። «እኔው ልረስ ብልስ?»

«አንቺ ያረስሽ ለታ ሰባት ዓመት ዝናብ አናይም» አለች አጠገባቸው የተቀመጠች ባልቴት።

ሁሉም ሳቀ፣ አክስቴም ሳቁ። ጠላቸውን ግን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በሚቀጥለው ገበያ ወሬው አዋጅ ሆኖ ዋለ። መንግሥት መሬቱን ለያዘው አራሽ ሊያጸድቅ ነው፣ ለዚህም መጀመሪያ መነጽር ያደረገ ልጅ ልኮ እያስመረመረ ነው ተባለ። እንደ አክስቴ ያሉ ባልቴቶች እኩል አራሾቻቸውን ማሰናበት ጀመሩ። መሬቱን ለወንድም፣ ለአጎት ልጅ፣ በሬም ሆነ ጉልበት ለሌለው ዘመድ ሰጡት። ከዓመታት በኋላ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ቃል እውነተኛ አዋጅ ሆኖ ሲመጣ፣ መሬቱ የደረሰው በዚያ ዕለት እርፍ ይዞ ለተገኘው ነው። በቃሉ ምክንያት የተሰናበቱት አራሾች አዋጁን የሰሙት ከሌላ ሰው ደጅ ነበር። ስለ አብዮት ተጠይቄ ከዚህ የረዘመ ንግግር አድርጌ አላውቅም፤ የሚያስፈልግም አይመስለኝም።

ተማሪውን ያን ሰሞን «ቃልህ ለሌላ በሽተኛ የተቀመመ ነው» አልኩት። «የታመመው ደቡብ ነው፣ አንተ የምታጠጣው ጎጃምን ነው።»

«እና ሸማኔው የልጅ ልጅ እስኪያይ በሰው መሬት ላይ ይረስ?» አለኝ። «አክስትዎ ደግ ስለሆኑ? ደግነታቸው ነገ ቢያልቅስ?»

አንድ ብልጥ ነገር ተናገርኩ፤ መልስ ያጣ ሰው የሚናገረው ብልጥ ነገር ነው። ምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፣ እሱ ግን አልረሳውም። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌሎች መምህራን ቤት ተዛወረ። በመምህራን ክፍል ስንገናኝ እንደ ጨዋ ሰዎች ሰላም እንባባላለን። ደጅ የነበረውን ሁለተኛ ወንበር አክስቴ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ታኅሣሥ ላይ ከገበያ ስመለስ ሸማኔው መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ጥቂት አብረን ሄድን።

«መምህር፣ ያ ልጅ የሚለው ነገር እውነት ነው?»

«ወሬ ነው።»

«እኔም ወሬ ነው ብያለሁ።» በሬዎቹን ወደ መንገዱ ዳር ነዳ። «አንድ ማታ ግን እውነት ቢሆንስ ብዬ ተኛሁ። ያን ሌሊት የተኛሁትን እንቅልፍ በዕድሜዬ ተኝቼ አላውቅም። በማግስቱ እሜቴ ቤት ስገባ ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። ምንም ሳላደርግ።»

አብዮትን የሚያወድሱም የሚኮንኑም ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ስለዚያ እንቅልፍ የጻፈ አላገኘሁም፤ የሚኮንኑት ስለማያውቁት ነው፣ የሚያወድሱት ደግሞ ስለ ማግስቱ ጧት ማውራት ስለማይፈልጉ።

ዳጉሳው ተወቅቶ ሲያበቃ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ዘንድሮ አውድማ እወርዳለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?» አልኳቸው።

«ልመርጥ። መሬቴ ነው፣ ሰው ይወቀው።»

«እሱን ይጠረጥሩታል?»

«እሱን አይደለም። ጊዜውን ነው።»

ሁለት ሽማግሌዎች ለምስክርነት ጠርተው ነበር። አራት ሆነን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሸማኔው ከሩቅ አየን። እህል የሚያዘራበትን ላይዳ መሬት ላይ ተክሎ እስክንደርስ ቆሞ ጠበቀን፤ ሁላችንንም በየማዕረጋችን እጅ ነሣ። ከዚያ እህሉን ይከፍል ጀመር። ከአንዱ እየዛቀ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ደግሞ መልሶ፣ ሁለቱ ክምሮች እንደ መንታ እስኪሆኑ ድረስ አልተወም። ሽማግሌዎቹ እንኳ «በቃ ልጄ፣ ተስተካክሏል» አሉት። እሱ ግን ቀጠለ።

«ይምረጡ እሜቴ» አለ በመጨረሻ።

አክስቴ በሁለቱ ክምሮች መካከል ቆሙ። መምረጥ አልለመዱም፤ ወዴት እንደሚያዩ እንኳ አላወቁም። «ይኼኛው» አሉ ለእግራቸው ወደ ቀረበው እየጠቆሙ።

እንደ ወትሮው ድርሻቸውን ጭኖ እስከ ቤት አደረሰ። ጆንያዎቹን አራገፈ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ክንዱ ላይ አደረገ።

«ለመጪው ክረምት ሰው ይፈልጉ እሜቴ። እኔ እንጅባራ ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ነው።»

«ማን አባረረህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ምስክር ቆሞብኝ አላርስም» አለና አህያውን ነድቶ ወጣ።

እሳቸው ይመለሳል ብለው ጠበቁ፤ እሱም ይልኩብኛል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። በሬዎቹን ሳይሸጥ ወደ እንጅባራ ይዟቸው ሄደ መባሉን አክስቴ እንደ መልካም ምልክት ቆጠሩት። ሚያዝያ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ የመጀመሪያውን እርሻ ገለበጠ። የአክስቴ ማሳ ሣር አብቅሎ የሰው ፍየል ይውልበታል። እኔ ምን ይሻላል ስላቸው «ዝናቡ ገና ነው» ይላሉ፣ ከጣሪያችን ጠብታ እየወረደ። ማታ ሁለታችን እራት ስንበላ የምንነጋገረው ስለ ወጡ ጨው ብቻ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጧት፣ ሳያዩኝ፣ «እስቲ ሂድና ና በለው» አሉኝ።

በጭነት መኪና ሄድኩ። እንጅባራ ጭጋግ ውስጥ ነበረች፤ የቀርቀሃ አጥሮቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ሸማኔውን ከወንድሙ ቤት ጎን ባለች ዳስ ውስጥ፣ እግሩን በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቶ ሲሠራ አገኘሁት። ሊነሣልኝ ሲል ከለከልኩት።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ማሳው አልታረሰም።»

መወርወሪያው እጁ ላይ ቆመ። «እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«የታችኛው ጥግ ውሃ ይተኛበታል። ቶሎ ካልታረሰ ዘንድሮ ምንም አይሰጥም።» ይህን ያለው ተቆጥቶ ነው፣ በሰነፍ ልጅ እንደሚቆጡት።

«ና ብለውሃል።»

ክሩን በጣቱ እየዳበሰ አሰበ። «መምህር፣ ብመጣ አውድማ ይወርዳሉ?»

አይወርዱም ማለት ቀላል ነበር። «አይወርዱም ብዬ ልምልልህ አልችልም» አልኩት።

«ባይወርዱም ለውጥ የለውም» አለ። «እኔ ወደ መንገዱ እያየሁ ነው የማርሰው። መጡ እንዴ እያልኩ ቀና እላለሁ። ቀና ቀና የሚል አራሽ ትልሙ ይጣመማል። የእሳቸውን መሬት ጠማማ አላርስም።»

ለምሳ አቆየኝ። ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እንጅባራ ብርድ አወራን። ስነሣ እስከ መኪናው ሸኘኝና «ሰላም በሉልኝ» አለ፤ ሌላ መልእክት አልጨመረም።

ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የተባባልነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ምን ሲሠራ አገኘኸው?»

«ጋቢ።»

«ለማን?»

«ለገበያ ነው መሰለኝ።»

«እዚያ ብርድ ነው። ለራሱ ባስቀረው» አሉ። ጥቂት ጠጠር ለቅመው ወረወሩ። «በል ነገ የወንድሜን ልጅ ጥራልኝ። በሬዎቹ ደካማ ናቸው፣ እሱም ደካማ ነው። ግን ዘመድ ነው። ለዘመድ ምስክር አያስፈልግም።»

የተናገሩትን ራሳቸውም እንዳላመኑት ድምፃቸው ያስታውቃል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከሰፌዱ ምስሩን አብሬ መልቀም ጀመርኩ። መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ አለፈ፤ ሁለታችንም ቀና ብለን አየነው፣ መልሰን አቀረቀርን።