የአባቴን ቤት ጭነን ከኮንጋ ወደ ዲላ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዲላ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ይርጋጨፌ ተነሳሁ። የምሄደው አባቴን ከነዕቃው ላመጣ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ኮንጋ ብቻውን ይኖር ነበር፤ ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት። እኔ ዘንድ ዲላ እንዲኖር ከወሰንን ወር ሆነን። ወሰንን ስል እኔና ወንድሜ ማለቴ ነው።

ከወናጎ በኋላ መንገዱ በእንሰትና በቡና መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ይርጋጨፌ ላይ ሻይ በፓስቲ ቀምሼ በባጃጅ ኮንጋ ገባሁ። የተከራየሁት አይሱዙ ከነሁለት ጫኞቹ ቀድሞኝ ደርሷል።

ሦስት ሰዓት

አባቴ ደጁ ላይ ወንበር ወጥቶለት ተቀምጧል። ሰላምታዬን ተቀብሎ ዓይኑን ወደ መኪናው መለሰ። እኔም ቶሎ እንድንጨርስ ብዬ ለእጅ የቀረበውን ሁሉ አስጫንኩ፤ ፍራሽ፣ የልብስ ጆንያ፣ ወንበር፣ በላዩ ፍሪጅ። መኪናው ሞላና የእናቴ ቡፌ ውጭ ቀረ። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ዘነበች ይሁን አልኩ። ጫኞቹ ቡፌውን አንስተው ወደ አጥሯ ሲያመሩ አባቴ አፉን ከፈተ።

«አውርዱ።»

ቡፌውን መስሎኝ ነበር።

«ከመኪናው ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱ» አለ፤ ቃሉ እየተያዘበት።

ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ሳይመጣ መውጣት እንዳለብን ነገርኩት፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። አላየኝም። ሾፌሩን ነው ያየው።

«ሠላሳ ዓመት ቡና ጭኛለሁ። መንገድ ላይ የወደቀብኝ ጆንያ የለም።»

ሾፌሩ ታሪኩ ሰዓቱን አየት አደረገና ወደ አባቴ ሄዶ ቁጢጥ አለ። «እሺ አባባ፣ ከየት እንጀምርልዎ?»

አባቴ በግራ እጁ እያመለከተ አስጫነ። ፍሪጁ ቆሞ ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ታሰረ። ቡፌው መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ፤ በመሀላቸው ፍራሹ ገባ። የአልጋው ጣውላዎች በመኪናው የጎን ስፖንዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ድስቶቹ በርሜል ውስጥ ገቡ፤ የልብሱ ጆንያ ክፍተት በታየበት ሁሉ ተጠቀጠቀ። እጅ የሚያስገባ ቦታ አልቀረም፤ ሁሉም ግን ገባ። ሸራው ታስሮ ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ።

መንገድ ላይ

ጫኞቹ በሚኒባስ ተከተሉን፤ እኔ ጋቢና ውስጥ አባቴን መስኮት ጋ አስቀምጬ መሀል ገባሁ። ወናጎ ልንደርስ ስንል አንድ ባጃጅ ከጎን ድንገት ወጣብን። ታሪኩ ፍሬን ሲይዝ ሦስታችንም ወደፊት ተወረወርን። ከኋላ ግን ኮሽ ያለ ነገር የለም። ታሪኩ ወደ አባቴ ዞር ብሎ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በዝግታ ማውራት ጀመረ። ቡፌውን እናቴ ዕቁብ ሲደርሳት እንደገዛችው፣ ከዲላ ኮንጋ ድረስ በባዶ የቡና መኪና ጭኖ ያመጣላትም እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ስለ አባቴ አንድ ወር ሙሉ ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ሐኪም አማክሬያለሁ፤ መኪና ፈልጌያለሁ። እሱን ግን አንድም ነገር አልጠየቅኩትም። የዚያን ቀን ጉዞ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ሲገባኝም አፈርኩ።

ዲላ

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስን። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። ጸጥታ እንዲያገኝ ብዬ የጓሮውን ክፍል አዘጋጅቼለት ነበር። ጫኞቹ አልጋውን ተሸክመው ወዴት እንደሚያስገቡት ሲጠይቁኝ ልመልስ አልኩና ተውኩት።

«አባዬ፣ የት ይሁንልህ?»

ክንዴን ይዞ ቤቱን ቀስ ብሎ ዞር ዞር እያለ አየው። የሞያሌ መኪና ሁሉ እየጮኸ የሚያልፍበትን፣ በዋናው መንገድ በኩል ያለውን ክፍል አመለከተ።

«እዚህ» አለ። «ጭነት ሲያልፍ እንድሰማ።»

የተማሪዎቼን ፈተና የማርምበትን ጠረጴዛ ከዚያ ክፍል መስኮት ሥር አንስቼ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰድኩት፤ አልጋው በቦታው ተዘረጋ።