የጀሪካኑ ዝናብ

የሰው ልጅ ስንፍና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ማየት የፈለገ፣ የሂሳብ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች የሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ ላይ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። እኔ ዓመታት ተቀምጬበታለሁ። ሶፍትዌሩ ቀመር ሲጽፉለት የሚያሰላ፣ ግራፍ የሚሥል ፕሮግራም ነው፤ ጎፋ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሂሳብ ሳስተምር የምጠቀመው እሱን ነው። ድረ ገጹ ደግሞ ፕሮግራሙ እምቢ ያላቸው ሰዎች ከዓለም ዙሪያ እየመጡ የሚጠይቁበት፣ እንደ እኔ ያለው ሥራ ፈት የሚመልስበት ቦታ ነው። ደህና ለመለሰ ነጥብ ይሰጡታል። ነጥቡ ሽሮ አይገዛም።

ጠያቂዎቹን ግን አያድርስ! አንዱ የቤት ሥራውን ከነመምህሩ ትእዛዝ ፎቶ አንስቶ ይለጥፍና «አስቸኳይ ነው» ይላል። ሌላው አባቱ ያወረሰው ይመስል «ኮዱን ላኩልኝ» ይላል። ሦስተኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲያለቃቅስ ከርሞ «አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ» ብሎ እብስ ነው፤ ምን እንዳገኘ ለሌላው መንገር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መላሾቹም አይሻሉም፤ ግማሾቹ የተወለዱት «ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ለማለት ነው። ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚያሳርረው ግን አለማንበባቸው ነው። ማብራሪያ ጽፌ፣ ማስጠንቀቂያ ጨምሬ፣ ምሳሌ ሠርቼ ስሰጣቸው ኮዱን ብቻ ላጥ አድርገው ይሄዳሉ።

እዚያ ስም የለኝም። ትርጉም የሌላቸው ፊደላትና መነጽር ያደረገች የጉጉት ምስል ነኝ። በእንግሊዝኛ ስለምጽፍ ነው መሰለኝ ሁሉም «ክቡር ሆይ» እያለ፣ ወንድ አድርጎ ይጽፍልኛል። አላረምኳቸውም። ምን ቸገረኝ።

አምና ክረምት ላይ አንድ የሩቅ አገር ሰው፣ የዝናቡ መጠን ከታወቀ የውሃ መውረጃ ቦይ ስፋት እንዴት እንደሚሰላ ጠየቀ። ለምሳሌ የሚሆን ቁጥር ስላስፈለገኝ ለቡ ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጬ፣ በየቀኑ የገባበትን ውሃ እየለካሁ ጻፍኩ። ጀሪካኑ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ስለነበር የሚያገኘው ፍንጣቂውን ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ልብስ ልዘፈዝፍበት ወደ ቤት አስገብቼው ስለነበር ዜሮ ጻፍኩ፤ ልኬት ሲጎድል ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። ከመልሴ አናት ላይ ደግሞ በትልልቁ «እነዚህ ቁጥሮች የጀሪካን ናቸው፤ አውጥታችሁ የራሳችሁን አስገቡ» አልኩ። ከዚያ ረሳሁት።

ያ ዜሮ የጻፍኩበት ቀን የቡሄ ማግስት ነበር። የእኛ መንገድ ቁልቁል ነው፤ ከታች መጨረሻው ላይ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በቡሄ ማግስት የወረደው ዝናብ የመንገዱን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ እሳቸው ቤት አስገባው። ፍራሹ ተበላሸ፣ የግድግዳው ሥር ተበላ፣ ፍሪጃቸው ከዚያ ወዲህ ብሎኬት ላይ ነው የሚኖረው። ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት ቢመጣ ያ ግድግዳ እንደማይቆም ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

የሰፈሩ ኮሚቴ ግን ኢንጂነር አመጣ። ቦይ እናስቆፍር ተባለና ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ድንኳን ተሰበሰብን። ኢንጂነሩ ሹል ጫማውን አብለጭልጮ፣ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። ሰው ሁሉ አንቱ አለው። እኔ አልልም፤ ለምን እንደማልል አሁን ታያላችሁ።

በትልቅ ወረቀት ያሳተመውን ግራፍ ሰቀለ። ሳየው የራሴን ቀሚስ ሌላ ሰው ለብሶት ያገኘሁ መሰለኝ። ያው ዳገት፣ ያው ቁልቁለት፣ መሐል ላይ ያው ዜሮ። በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፍኩትን ቀን እንኳ አልነካውም! የሂሳቡ ውጤት ነው ብሎ ያሳየን ቦይ ደግሞ ድመት ብትተኛበት የሚጠባት ነው።

እጄን አወጣሁ። «ይህ ዳታ ከየት የመጣ ነው?»

«ከመስክ ነው፣ እህቴ።»

አልዋሸም፤ መስኩ የእኔ በረንዳ ነው።

«እዚህ ጋ ዜሮ ይላል። ቀኑ ሲመነዘር እኮ የቡሄ ማግስት ነው፤ እትዬ ቤት ጎርፍ የገባበት ቀን።»

ድንኳኑ ተንጫጫ። እትዬ ከኋላ ተነሡ። «ዝናብ አልነበረም ነው የሚለው ወረቀቱ? ታዲያ ፍራሼን ማን አረጠበው?»

ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቀም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «እህቴ፣ የሂሳብ ሞዴል እንዲህ በመንደር ወሬ አይፈርስም» አለኝ። ሂሳብ እንደማስተምር ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ ለልጆች ያስፈልጋል» አለ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ይህን የሠራው አብሮን የሚሠራ ዓለም አቀፍ ባለሙያ ነው። ፈረንጅ ነው» አለ።

ፈረንጅ የምትለዋ ቃል እንደወጣች ጫጫታው ቆመ። አቤት አቤት! ጎርፉን በገዛ እጁ በባልዲ ሲቀዳ ያደረ ጎረቤቴ ሳይቀር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ባለሙያው ራሱ ይጠየቃ» አሉ።

«ችግር የለም፣ አሁኑኑ እጠይቀዋለሁ» ብሎ ኢንጂነሩ በላፕቶፑ መጻፍ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ነዘረ።

ከፈትኩት። ከመልሴ ሥር በእንግሊዝኛ እንዲህ ተጽፏል፦ «ክቡር ሆይ! አንዲት ሂሳብ የማይገባት ነዋሪ በመልስዎ ላይ ጥያቄ አንስታ ስብሰባዬን እያወከች ነው። ዝም የሚያሰኛት አጭር መልስ በአስቸኳይ ይላኩልኝ።»

ሳቄ ሲመጣ በነጠላዬ አፌን ያዝኩ። ተነሥቼ ስልኬን ለሕዝቡ ላሳይ ነበር፤ እግሬም ተነሥቶ ነበር። ግን እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ስልክሽን አምጪ፣ ጉጉቷ አንቺ ነሽ፣ አይደለሽም እየተባለ ይመሻል፤ ስብሰባው ስለ እኔ ክብር ይሆንና ቦዩ ይረሳል። እትዬን ዞሬ አየኋቸው፤ ገና እንደቆሙ ናቸው። ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ።

«ነዋሪዋ ልክ ናት። ቁጥሮቹ የጀሪካን እንደሆኑ ከላይ በትልልቁ ተጽፏል። ዜሮ የሆነው ጀሪካኑ ልብስ ተዘፍዝፎበት ስለነበር እንጂ ዝናብ ስላልነበረ አይደለም። የሜትሮሎጂ ዳታ አምጣና እንደገና አስላ። ሴትዮዋንም ይቅርታ ጠይቃት።»

ኔትወርኩም ለክፋቱ ያን ቀን ደህና ነበር። ሲያነበው ፊቱ ላይ ያየሁትን በየትኛውም ነጥብ አልለውጠውም። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ባለሙያው... ዳታው ይበልጥ ቢዳብር የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በሜትሮሎጂ መረጃ እንደገና እንሠራዋለን።» ጀሪካኑን ዋጠው፤ ይቅርታውንም አብሮ ዋጠው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለፈረንጁ! ኢንጂነሩም ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ፣ «አየሽ እህቴ፣ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ እንዲህ ይጠቅማል» አለኝ።

ቦዩ በእውነተኛው ዝናብ ተሰልቶ ሰፍቶ ተቆፈረ። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ዶፍ ወርዶ ሲያባራ ወደ ታች ወረድኩ። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው፣ ያ ሁሉ ውሃ በአጥራቸው ጥግ በቦዩ ሲያልፍ ያያሉ። ደጃፋቸው ደረቅ ነው።

«ፈረንጁን እግዜር ይስጠው» አሉኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እትዬ፣ ፈረንጅ የሚባል የለም። እኔ ነኝ እኮ።»

ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አንቺም ለፍተሻል። ያን ቀን ባትናገሪ ማን ይጠይቀው ነበር? በይ አሁን በዚያ በስልካችሁ የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ፤ በጸሎቴ ላስበው።»

የራሴን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ወለተ...» ከማለቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ሴት ናት እንዴ?»

«ሴት ናት፣ እትዬ።»

«እሰይ! አየሽ፣ ሴት ልጅ ስትማር እንዲህ ናት» አሉ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እሷን አይተሽ አንቺም በርቺ እንግዲህ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።