ፍሬን የሌለው ሳንቃ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ውሃ ብዬ የማውቀው ወደ ደሴ ስንሄድ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታየኝን ሐይቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ተኝቶ የሚውል ውሃ ነው። ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ወልድያ ባለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ ቁጭ ብዬ፣ ማዕበል ላይ የሚራመድ ሰውዬ በስልኬ ቪዲዮ አይቼ ወደድኩ። ብትስቁብኝም ግድ የለኝም።

ሰውዬው ጠጉሩ ሸብቷል። ከቁመቱ በእጅጉ የሚረዝም ሳንቃ ላይ ቆሞ ከማዕበሉ ጋር ይንሸራተታል። ሌሎቹ በአጫጭር ሳንቃ እየተገለባበጡ ውሃውን ሲያምሱት፣ እሱ በድሮው ወግ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያሳለፈ ቀስ ብሎ እስከ ሳንቃው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ዝም ብሎ ይቆማል። የእሱን አረማመድ ለመኮረጅ ስንት ወጣት እንደሚደክም ቪዲዮው ላይ ይታያል። እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር ሱቄ ውስጥ ነፋስ የገባ ይመስለኛል። በሕልሜ ውሃው ከውርጌሳ በኩል አስፋልቱን ሞልቶ ይመጣል፤ ማንንም አያሰጥምም፤ የመንገድ ዳሩን የማንጎ ዛፎች ጫፍ እየዳሰሰ ዝም ብሎ ያልፋል።

አንድ እሁድ መርሳ፣ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን በደሴ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ አጥንቱ ገጥሞ ሐኪሙም ይራመዱ ቢላቸው፣ ከበረንዳው ወንበር አልነሳ ብለው ነበር። «አንካሳው ሹፌር መጣ ይበሉኝ?» ይላሉ። ከዘራው አጠገባቸው ተደግፎ ይውላል፤ አይነኩትም። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲተቹ ይመሽላቸዋል። እዚያው ወንበር ላይ እንዳይቀሩብኝ በጣም እፈራ ነበር።

«አባባ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሞተሩ የታለ?»

«ሞተር የለውም። ማዕበሉ ነው የሚወስደው።»

«ፍሬንስ?»

«እሱም የለውም።»

«ኧረ በእመብርሃን! ታዲያ ቁልቁለቱን በምን ይዞ ነው የሚወርድ?»

«በእግሩ። ወደ ፊት ሲራመድ ይፈጥናል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ይቀዘቅዛል።»

ደግመው አስከፈቱኝ፤ አሁንም ደግመው። ሰውዬው ጫፉ ላይ ሲቆም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

«እይውማ፣ አይታገል፣ እጁን አያወናጭፍ። መንገዱን እሺ አሰኝቶ ነው የሚሄድ። ሹፌር ይኸ ነው! የዛሬዎቹ መሪ ይንጣሉ እንጅ መች ይነዳሉ?»

ሰውዬውን ስለምን እንደወደድኩት ያኔ ገባኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ የውጫሌን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፍ ይወስደው ነበር፤ እኔ ብቻ ከኋላቸው ነቅቼ ትከሻቸውን አያለሁ። ያ እርጋታ ነው የናፈቀኝ።

ውሃ ላመጣላቸው ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው፣ አንዱን እግር በሌላው ፊት ሊያሳልፉ እየሞከሩ፣ በረንዳው ጫፍ ደርሰዋል።

«አባባ! እግርዎን አያቆላልፉ፣ ይወድቃሉ!»

«ወደ ፊት ሲራመድ ነው የሚፈጥን አላልሽም?»

እግራቸውን ግን ለየት አድርገው ደረጃዋን ወረዱ፤ ከዚያ የደጃፉን ጠጠር፤ ከዚያ አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ከወልድያ የሚመጣ አውቶቡስ አወቃቸውና ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፋላቸው። እኔ እያለቀስኩ ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ ሰላም አልኩለት። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ሰውዬሽ እጁን አያወናጭፍም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።