ከወንበራቸው ያልተነሱት እመቤት

እመቤቴን ኩኒጉንደን የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ማን ቀረ? ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ የሆነው ባላቸው በሞቱ በዓመቱ ነው። አይ፣ ዓመት አልሞላም፤ የፋሲካ ሰሞን ነበር። በእኛ አገር ደንብ መበለት ከምድጃው ዳር ካለው ወንበሯ እስካልተነሳች፣ ማለትም ሌላ ባል እስካላገባች ወይ ቤቱን ጥላ እስካልሄደች፣ ቤቱም የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍም የእሷ ነው። ቁልፉን የያዘ ቄሱን ይሾማል። እመቤቴ የሾሟቸው ቄስ ፋይት የቁርባኑን ጽዋ ለገበሬውም ለአሳማ ጠባቂውም ያቀብሉ ነበር። የቀድሞዎቹ ለብቻቸው ነበር የሚጠጡት።

የባላቸው ታናሽ ወንድም ኢየርግ ይህ አንገበገበውና ሦስት ሎሌ አስከትሎ መጣ።

«ቁልፉን አምጪ፤ ያን መናፍቅ ላባርረው» አለ። «አንቺ» አላቸው፣ እኔ እየሰማሁ።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ንፍጥህን የጠረግሁልህ እኔ ነኝ።»

ወደ ሎሌዎቹ ዞረ። «ወንበሩን አውጡት። ወንበሩ ከወጣ መብቷም ወጣ።»

እመቤቴ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡበት። ሎሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? አንሱኝ እንጂ» አሏቸው። «የበሩ ደፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ባለፈው የቢራ በርሜል የጣላችሁት እዚያ ነው።»

ከነወንበራቸው ተሸክመው፣ ሽማግሌዎች ከሚዳኙበት ከሊንደኑ ዛፍ ሥር በዝናብ አስቀመጧቸው። እኔ አለቀስኩ።

«እመቤቴ፣ ይነሱ፤ ብርድ ይገድልዎታል።»

«ትሩደ፣ ልቅሶውን ተይና ካባዬን አምጪ። ጎመኑም እንዳያርር።»

ሰዉ ተሰበሰበ። አንዷ የአጃ ዳቦ፣ ሌላዋ ትኩስ የቢራ ሾርባ አመጣች። ቄስ ፋይት ጽዋውን ይዘው መጡና እዚያው ጭቃው ላይ ለሁሉም አቀበሉ። ኢየርግ ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ «እስከ መቼ?» አለ።

«አንተን እስኪበርድህ።»

ወደ ማታ ዳኛው ሽማግሌ ባልታዛር በከዘራቸው እየተመሩ መጡ። «ወንበሩን ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደንቡ የሚለው መበለቷ ራሷ ስትነሳ ነው» አሉ። «እመቤቲቱ ተነስተዋል?»

«አልተነሱም» አለ ሰዉ ባንድ አፍ።

«እንግዲያው ካወጣችሁበት መልሱ።»

ኢየርግ ፈረሱን አዙሮ ሄደ። ሎሌዎቹ ግን በዳኛ ቃል ተይዘው ቀሩና ተሸከሟቸው፤ ቀሚሳቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር።

«ስትመልሱኝ ከበድኩ?» አሉ እመቤቴ። ሎሌዎቹ ደፉ ላይ አልተሰናከሉም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ቁልፉ ከወገባቸው አልወረደም። ወንበሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ አንድ እግሩ ያን ቀን እንደተሰነጠቀ ነው። ማንንም አላስቀምጥበትም።

ዘንድሮ በፋሲካ ጽዋው ሲደርሰኝ መቆም አቃተኝና ተቀምጬ ጠጣሁ። አዲሱ ቄስ ገላመጠኝ። አልተነሳሁም።