የአማቷ ነጥብ

የሎጂክ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ወይዘሮ ከሆነ» ይሏታል። «ከሆነ» ሳትል ወሬ አትጨርስማ! ታውቃለች፤ ግን አትቀየምም።

አንድ ቅዳሜ ምሳዋን ጥዳ፣ ለክፍል ስትዘጋጅ፣ ሳሎን ባቆመችው ሰሌዳ ላይ አራት ነጥቦች አኖረች። ይሄኔ አማቷ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ «እዚህ የሚያዳምጠኝ የለም፤ ታናሹ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» እያሉ ሻንጣ ሲያጭቁ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ትንሽዬ ዓለም ናት፣ እማማ። ‹እያንዳንዱ ሰው አዳማጭ አለው› ቢባል፣ እውነት ይሁን ሐሰት ዓለሙ ሳይታይ አይታወቅም። ነጥቦቹ እኛ ነን እንበል፤ እርስዎ፣ ልጅዎ፣ እህቱና እኔ። ቀስቱ ከሚያዳምጠው ወደሚደመጠው ይሄዳል።»

አማቷ ማርከሩን ነጠቋት። ከሴት ልጃቸው ወደ ወንድሟ ቀስት ሳቡ። ከእሱ ወደ ሚስቱ ሳቡና «ስለሚፈራሽ ነው» አሉ። ከምራታቸው ወደ ልጅቷም ሳቡ። የእሳቸው ነጥብ ባዶዋን ቀረች።

«አየሽ? ውሸት ነው!»

ልብስ ሰፊው ልጃቸው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «እማዬ ራሷን ታዳምጥ የለ!» አለ።

ሚስቱን ሙያዋ አሸነፋት። ከአማቷ ነጥብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ቀስት አዞረችና፣ «እውነት ሆነ! ‹ሌላ ሰው› አላልንማ» ብላ ሳቀች።

«ከራሴ ጋር ላወራ ነው ያን ሁሉ ያማጥኩት?» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ሳቁ ጠፋ። መምህርቷ የዞረውን ቀስት በመዳፏ አጠፋች።

«‹ከራሱ ሌላ› ማለት ነበረብን። እንዲያ ከሆነ ሐሰት ነው፤ ልክ ነዎት፣ እማማ።»

«እውነት እንዲሆን ታዲያ ስንት ቀስት ይፈልጋል?»

«አንድ ይበቃል» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይንገሩኝ እስቲ።»

አማቷ ትንሽ ተግደረደሩ። ከዚያ ሟች ባለቤታቸው ሊያጯቸው የመጡ ዕለት፣ ቤት ተሳስተው የጎረቤትን ልጅ እንደጠየቁ አወጉ።

«ውይ! እና እንዴት ተረፉ?»

«እምቢ አለቻቸዋ! ባትል ኖሮ ይኼ ሰነፍ የእሷ ልጅ ነበር።»

ድስቱ አረረ፤ የተነሳ ግን የለም። ምሳቸውን ዳቦ በእንቁላል በሉ፤ ሻንጣውም ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውም የማዳመጥ ተራ ገባ። ወሬው መሃል ሲደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እናቱም በማንኪያ እጀታ ጎኑን ወጋ አድርገው ከመጀመሪያው ይጀምሩለታል።