ስማቸውን ከአጥር ውጭ የሚተዉ ሰዎች

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ የምሄደው ለጨዋታ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ተማሪዎቼ የሚፈሩኝ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። በጓደኛችን ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ውስጥ አራት ሆነን እንቀመጣለን። እኔ ተረቱን እመራለሁ፤ ሦስቱ ደግሞ በተረቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሆነው ይጓዛሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ቁጥር ያለበት፣ የሚወረወር ባለሃያ ገጽ ዳይስ ነው።

ዘንድሮ ኤልፎችን ፈጠርኩላቸው። ኤልፍ ማለት በፈረንጅ ተረት ጆሮው ሾጠጥ ያለ፣ ዕድሜው የማያልቅ የጫካ ሰው ነው። ጓደኞቼ የሚያማምሩ ቀስተኞች ጠብቀው ነበር፤ እኔ የሰጠኋቸው ግን ሰው የሚሸሹ ዝምተኞችን ነው። የሚኖሩት በጽድ ጫካ ውስጥ፣ ከካብ አጥር ጀርባ ነው። አዲስ ለሚገባ ሰው በቁሙ ይለቀስለታል፤ የድሮ ስሙም ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። በዚያ ስም ፈልጎት የሚመጣ ሁሉ "እንዲህ የሚባል የለም" ይባላል። ውሸትም አይደለም።

ይህን ከጭንቅላቴ አላመነጨሁትም። ታናሽ ወንድሜ መንኩሷል። ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ካለ ገዳም ገብቷል ሲሉኝ ሄጄ፣ በር ላይ የቆሙትን መነኩሴ እናታችን ባወጣችለት ስም ጠየቅኋቸው።

"እንዲህ የሚባል የለም፣ ልጄ" አሉኝ።

"አባ፣ እርስዎም ይዋሻሉ?" ብያቸው እየተንጨረጨርኩ ተመለስኩ። የቄስ ልጅ ነኝ እኮ! ሰው ሲመነኩስ እንደ ሞተ ሰው ፍትሐት እንደሚደረግለት፣ ስሙም እንደሚለወጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ንዴቴ ግን ሁሉንም አስረሳኝ። ከዚያ በኋላ አምና እናታችን አረፈች። እሱ አልሰማም። ልነግረው ይገባኛል፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ይናፍቀኛል፣ በጣም ይናፍቀኛል።

ለጓደኞቼ የሰጠኋቸው ሥራ ከዚያ ጫካ አንድ ወጣት አውጥተው ወደ ቤቱ እንዲመልሱ ነበር። ሦስት እሑድ ለፉ። በስሙ ጠየቁ፣ የለም ተባሉ። አንዷ አጥሩን ልትዘል ስትል ዳይሱ ከዳት። አንዱ በረኛውን በማር ሊያባብል ሞከረ። በአፌ እምቢ እያልኩ በሆዴ "አውጡልኝ!" እላለሁ።

በአራተኛው እሑድ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዳይሱን ገፋ አደረገው። እሱ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ቆይቷል።

"እኔ ስሙን አልጠይቅም" አለ። "በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። የሚወድህ ሰው መጥቷል በሉልኝ። ላወጣው አይደለም የመጣሁት፤ ዓይኑን አይቸው እመለሳለሁ።"

እኔም ወደ ገዳሙ የሄድኩት ወንድሜን ይዤው ልመለስ እንጂ ላየው ብቻ አልነበረም። አሁን ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። በረኛው ገለል እንዲል አደረግሁ፤ ወጣቱም ወጣ። በእሱ አፍ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሦስቱም አፍ አፌን ያያሉ። ብዙ ነገር ላስብ ሞከርኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

"እናቴ ደህና ናት?"

ሦስቱም የእኔ እናት ቀብር ላይ ነበሩ፤ ወንድሜ እንዳልነበረም አይተዋል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓደኛዬ ቀና አለና አየኝ።

"ይሄንስ እኔ አልመልስለትም" አለኝ። "ሂጅና አንች ንገሪው።"